የእህል ሻጋታ መርዝና ነፍሰ ጡር እናት፤ ከወሎ ደጋ የተገኘ ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እህል በመሐንዲስ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በክብደቱና በሚይዘው ቦታ ነው። መጋዘን የሚነድፍ ባለሙያ ቤቱ ስንት ኩንታል እንደሚይዝ፣ ወለሉ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ ነፋስ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ያሰላል። ምርት ሲበላሽም ጉዳቱ የሚመዘገበው በኩንታልና በብር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ስሌት ውጭ የቀረ አንድ ጉዳት አለ። ይኸውም የተበላሸው እህል ሳይጣል ቀርቶ ሲበላ፣ በበላችው ነፍሰ ጡር እናትና በማሕፀኗ ባለው ፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ሲሆን፣ ዋናው ምሳሌ የተወሰደው ከሩቅ ሀገር ሳይሆን ከወሎ ደጋ ነው።

ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። እርግጥ ነው፣ በሽታው ከታየ በኋላ ሕመምተኛው የሐኪም ነው። ነገር ግን መርዙ ወደ ሌማት ከመድረሱ በፊት በእርሻ፣ በአውድማ፣ በጎተራና በወፍጮ ቤት በኩል ያልፋል። በእነዚህ በአራቱ ቦታዎች የሚሠራው ሥራ ደግሞ የማረስ፣ የማድረቅ፣ የማከማቸትና የመለየት ሥራ በመሆኑ፣ ከምሕንድስና ሙያ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ሀ. ምድሩና እህሉ

መካነ ሰላምና ከላላ የሚገኙበት የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከፍ ያለ ደጋና ጥልቅ ሸለቆ ጎን ለጎን የቆሙበት አገር ነው። ላይኛው ምድር ብርድና ውርጭ የሚያዘወትረው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ሲሆን፣ ወደ ዓባይና ወደ ጀማ ሲወረድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ በመጀመሪያ ጤፍ፣ ከዚያም ማሽላና በቆሎ ይተካሉ። ጠዋት ከገብስ ማሳ አጠገብ የተነሣ መንገደኛ ማታ ማሽላ ከሚዘራበት ቆላ ሊያድር ይችላል።

ሻጋታም እንደ እህሉ ከፍታ ይመርጣል። ብርድና ዝናብ ባለበት ደጋ የሚያይለው ገና በአበባ ላይ ሳለ እህሉን የሚይዘው ኤርጎት የተባለው ፈንገስ ነው። መካከለኛ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ወይና ደጋና በቆሎ በሚበቅልበት ቦታ ፉዛሪየም የተባለው ወገን ይስፋፋል። ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ባለበት ቆላ ደግሞ አፍላቶክሲንን የሚሠራው አስፐርጂለስ ይበረታል። እንግዲህ ደጋውና ቆላው በአንድ ቀን መንገድ በሚገናኙበት፣ የሁለቱም እህል በአንድ ገበያ በሚሸጥበት አገር፣ አንዲት ቤተሰብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስቱም ወገን መርዝ ልትቀምስ ትችላለች ማለት ነው።

ከሦስቱ መካከል በወሎ ምድር ታሪክ ጥሎ ያለፈው የመጀመሪያው ነው።

ለ. የዋድላ ደላንታ ወረርሽኝ

በ1970 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1977 እስከ 1978) በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር፣ በዋድላ ደላንታ አውራጃ፣ እንግዳ የሆነ በሽታ ተነሣ። ዛሬ ዋድላ በሰሜን ወሎ፣ ደላንታ በደቡብ ወሎ ዞን ይገኛሉ፤ ሁለቱን የጂዳ ሸለቆ ይለያያቸዋል፤ ከደላንታ በስተደቡብ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ አለ። ሕመምተኞቹ በመጀመሪያ እጅና እግራቸው እንደ እሳት ይለበልባቸው፣ ቆዳቸው ላይ ጉንዳን የሚሄድ ያህል ይሰማቸው ነበር። ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሰውነት መዛል ይከተላል። ከዚያም ጣት፣ ቀጥሎ እግር እየጠቆረና እየደረቀ ሄዶ እንደ ደረቀ እንጨት ይሆናል። በመጨረሻም የሞተው አካል ከሰውነት ይለያል።

በዚህ በሽታ ከተያዙት 140 ያህል ሰዎች መካከል የሞቱት 34 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህም ከሦስት ሕመምተኞች አንዱ ማለት ነው። ስለ ወረርሽኙ የሚናገሩ ጽሑፎች በ1979 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔትና በእንግሊዝ ሀገር በሚታተመው ዘ ላንሴት ላይ ወጡ። በሽታው ኤርጎቲዝም እንደ ሆነ፣ መነሻውም እህል እንደ ሆነ በእነዚህ ጽሑፎች ተገለጠ።

የመርዙ መንገድ ይህን ይመስል ነበር። በአካባቢው የገብስ ማሳ ውስጥ ስናር የተባለው የሀገር አጃ ከጥንት ጀምሮ አብሮ ይበቅላል። ገበሬው ስናርን ሙሉ በሙሉ እንደ አረም አይቆጥረውም፤ ከገብሱ ጋር አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ ይበላል፤ ለጠላም ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የቆየው የአየር ጠባይ ለውጥ ለስናር የተመቸ በመሆኑ፣ ስናሩ ገብሱን እያሸነፈ ማሳውን ያዘው። ስናሩ ደግሞ በኤርጎት ክፉኛ ተመታ። በዚህም የተነሣ ወደ ጎተራ የገባው እህል የፈንገሱን ጥቁር ፍሬ በብዛት ይዞ ገባ። እህሉ በተመረመረ ጊዜ ኤርጎሜትሪን የተባለው ንጥረ ነገር ተገኘበት። ስለዚህ ንጥረ ነገር ኋላ ይነገራል።

ኤርጎት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ፣ እንደ ተራ ሻጋታ በእህል ላይ እንደ ዱቄት የሚነፋ አይደለም። በአበባው ወቅት ወደ ዕንቡጡ ይገባና የፍሬውን ቦታ ራሱ ይወስዳል። ቢጫው ፍሬ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ቀንድ የመሰለ፣ ወደ ጥቁር ሐምራዊ የሚያደላ፣ ብዙ ጊዜ ከእህሉ የሚረዝም ጠንካራ አካል ይበቅላል። ይህ ቀንድ መሬት ላይ ወድቆ ይቆይና በሚቀጥለው ዓመት እርጥበትና ቅዝቃዜ ሲያገኝ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩንም በነፋስ ወደ አዲስ አበባዎች ይልካል። ብርድና ዝናብ የአበባውን ጊዜ ሲያራዝሙ በሽታው የሚገባበት በር ክፍት ሆኖ ይቆያል። ገብስ በተፈጥሮው አበባውን ዘግቶ የሚያዳቅል ስለ ሆነ በመጠኑ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ውርጭ ሲመታው መካን የሆነው አበባ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ገብሱም ለበሽታው ይጋለጣል። ውርጭን የሚያውቅ ደገኛ ሁሉ የዚህን ትርጉም ይረዳል።

ጉዳዩ በዋድላ ደላንታ አላበቃም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአርሲ ተመሳሳይ በሽታ ታየ፤ እህሉም በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው ተቋም ተመረመረ፤ የተበከለውም ገብስ ነበር። እንግዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አንድ ዓይነት አደጋ በሁለት የገብስ አገሮች ደረሰ። ከላላም፣ ለጋምቦም፣ ሌላውም የወሎ ደጋ በእህሉና በአየሩ ከእነዚህ አገሮች ጋር ዘመድ ነው።

ሐ. በማሕፀንና በጡት ላይ

የወረርሽኝ ቁጥር የሚሰበሰበው በዓይን ከሚታየው ምልክት ነው። እግሩ የደረቀበትን ሰው ዘመድ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል፤ ስሙም ይመዘገባል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር የጨነገፈ ፅንስ ግን በቤት ውስጥ ይቀራል። እናቲቱ አትናገርም፤ ጎረቤትም ሾተላይ ነው ይላል፤ ወይም የሰው ዓይን ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት መርዝ ያደረሰው ጉዳት በእጅና በእግር ሲቆጠር ሁልጊዜ ይጎድላል።

የኤርጎት መርዝ ከማሕፀን ጋር ያለው ግንኙነት በሕክምና ታሪክ በሚገባ የታወቀ ነው። በአውሮፓ አዋላጆች ምጥን ለማፋጠን የዚህን ጥቁር ቀንድ ዱቄት ይሰጡ እንደ ነበር በ1582 እ.ኤ.አ. አዳም ሎኒትሰር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ጽፏል። በ1676 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴኒ ዶዳር የተባለው ፈረንሳዊ በአጃ መሰሉ በራይ እህል ላይ የሚታየው ይህ ቀንድ የእጅና የእግር መድረቅ በሽታ መነሻ እንደ ሆነ ለሀገሩ የሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ። በ1808 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ ሐኪም ጆን ስተርንስ መድኃኒቱን ለሐኪሞች አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሐኪሞች ምጥ ለማፋጠን ተጠቀሙበት። ነገር ግን ብዙ ዓመት ሳይቆይ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት በረከቱ። ዴቪድ ሆሳክ የተባለው ሌላው የኒውዮርክ ሐኪም በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን አስተውሎ፣ የመውለጃ ዱቄት የተባለው ለሕፃናት የሞት ዱቄት መሆኑን በመግለጽ፣ መድኃኒቱ ልጅ ከተወለደ በኋላ ደም ለማቆም ብቻ እንዲሰጥ አስጠነቀቀ።

በ1935 እ.ኤ.አ. በለንደን ሃሮልድ ደድሊና ጆን ቻሳር ሞይር ማሕፀንን በኃይል የሚያኮማትረውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ይህም ኤርጎሜትሪን ነው። ኤርጎሜትሪን ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰውን ደም በማቆም የብዙ እናቶችን ሕይወት አድኗል፤ ፅንሱ በማሕፀን ሳለ መስጠት ግን ክልክል ነው። እንግዲህ አዋላጅዋ ነርስ ልጁ ሳይወለድ በፍጹም የማትሰጠው ያ ንጥረ ነገር በዋድላ ደላንታ እህል ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። በሆስፒታል በመርፌ ተለክቶ፣ በጊዜው የሚሰጠው፣ በደጋው መንደር ሳይለካና ጊዜው ሳይደርስ በእንጀራ ተበላ።

መጠኑን ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ይበቃል። ለምሳሌ ያህል አንዲት ሴት በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም ዱቄት ትበላለች እንበል። ከእህሉ አንድ በመቶው የኤርጎት ቀንድ ቢሆን በቀን 5 ግራም ቀንድ ትበላለች። ከቀንዱ ክብደት ከሺህ አንዱ እጅ መርዝ ቢሆን ይህ 5 ሚሊ ግራም ነው። በወሊድ ክፍል በመርፌ የሚሰጠው የኤርጎሜትሪን መጠን 0.2 ሚሊ ግራም ነው። እርግጥ ነው፣ የቀንዱ መርዝ ሁሉ ኤርጎሜትሪን አይደለም፤ የቀንዱም የመርዝ ይዞታ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ በአፍ የሚገባውም በመርፌ ከሚሰጠው ጋር እኩል አይሠራም። ቢሆንም በክብደት ሲታይ ልዩነቱ 25 እጥፍ ነው፤ የሚወሰደውም አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ ነው።

መርዙ ፅንሱን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማሕፀኑን እያኮማተረ ፅንሱን ያለ ጊዜው እንዲወርድ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው የደም ሥርን ማጥበቡ ነው። የጣትን የደም ሥር አጥብቦ ጣትን የሚያደርቅ መርዝ፣ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደውንም ደም ይቀንሳል፤ ፅንሱ አየርና ምግብ የሚያገኘው ደግሞ በዚሁ ደም ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ከወሊድ በኋላ ይመጣል። አንዳንዶቹ የኤርጎት ንጥረ ነገሮች ወተት እንዲመነጭ የሚያዝዘውን ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ይቀንሳሉ። ከዚሁ ወገን በፋብሪካ የተሠራው ብሮሞክሪፕቲን የጡት ወተት ለማድረቅ ሲሰጥ የቆየ መድኃኒት መሆኑ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዋድላ ደላንታ የሚያጠቡ እናቶች ወተት እንደ ደረቀና በዚህ ምክንያት ጨቅላ ሕፃናት በረሃብ እንደ ሞቱ ተዘግቧል። የላም ወተት በድርቅ በጠፋበት አገር የእናት ጡት ሲደርቅ ለሕፃኑ ሌላ ምትክ የለውም። እነዚህ ሕፃናት የተበከለውን እህል አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቀምሱ የሞቱ የእህል መርዝ ሰለባዎች ናቸው።

ይህ በሰው ብቻ የሚታይ አይደለም። ፌስኪዩ በተባለ ሣር ውስጥ የሚኖር ሌላ ፈንገስ ኤርጎትን የመሰለ መርዝ ይሠራል። ይህን ሣር የሚግጡ እርጉዝ ባዝራዎች ከወሩ በላይ ያረግዛሉ፤ የእንግዴ ልጃቸው ይወፍራል፤ ከወለዱም በኋላ ወተት አይሰጡም። በአሜሪካ ፈረስ አርቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ባዝራዋ ከመውለዷ በፊት ከዚያ መስክ ያስወጧታል። ለባዝራ የሚደረገው ጥንቃቄ ለነፍሰ ጡር ሴት ሊቀር አይገባም።

መ. የወይና ደጋውና የቆላው ሻጋታ

ከደጋው ዝቅ ሲባል መርዙ መልኩን ይለውጣል። ኤርጎት በዓይን ይታያል፤ የፉዛሪየምና የአስፐርጂለስ መርዝ ግን አይታይም፤ አይሸትም፤ አይመርርም።

ፉሞኒሲን የተባለው የፉዛሪየም መርዝ በ1988 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በበቆሎ ላይ ታወቀ። በሚያዝያ 1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለችው ብራውንስቪል ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል በ36 ሰዓት ውስጥ አንጎላቸው ያልተፈጠረ ሦስት ሕፃናት ተወለዱ። የአካባቢው ሕዝብ ዋና ምግብ የበቆሎ ቂጣ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገውና በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት በፉሞኒሲን የተበከለ ቂጣ የበሉ እናቶች ለዚህ ጉድለት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አመለከተ። መርዙ የሕዋሳትን ሽፋን የሚሠሩ ቅባቶችን አሠራር በማወክ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ወደ ፅንሱ እንዳይደርስ ያግዳል።

የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት በኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ነው። በትግራይ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 131 ሕፃናት ይህ ጉድለት ታይቶባቸዋል። ዋናው ምክንያት የፎሊክ አሲድ እጥረት መሆኑ ይታመናል። ይሁን እንጂ ቪታሚኑ ባነሰበት ሰውነት ውስጥ ያለችውን ጥቂት ቪታሚን የሚያግድ መርዝ ሲጨመር ጉዳቱ እጥፍ እንደሚሆን ለመረዳት አያስቸግርም።

አፍላቶክሲን የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ባለቁ ጊዜ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በኬንያ ምሥራቃዊ ክፍል እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ 317 ሰዎችን አሳምሞ 125 ገደለ። ይህ መርዝ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በተወለዱ ሕፃናት የእትብት ደም ውስጥ ተገኝቷል። በጋምቢያ በተደረገና በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ብዙ አፍላቶክሲን የወሰዱ ሕፃናት ዕድገታቸው የዘገየ ሆኖ ተገኘ።

ከእህል ባሻገር መርዙ በወተትም ይመጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች አፍላቶክሲን ያልተገኘበት አንድም አልነበረም። ዋናው ምንጭ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር። ለነፍሰ ጡር ሴት ወተት ጠጪ የሚል ምክር የሚሰጥ ሁሉ የፋጉሎው መጋዘን ምን እንደሚመስል መጠየቅ ይኖርበታል።

ሠ. እሳት ለምን አያድንም

ብዙ ሰው የተበላሸ እህል በእሳት ሲበስል መርዙ ይጠፋል ብሎ ያምናል። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን ይቀራል። አፍላቶክሲን የሚፈርሰው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ደረቅ ሙቀት ነው። የእንጀራ ምጣድ ራሱ ቢግልም፣ እንጀራው ውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከውኃው መፍያ አያልፍም፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የኤርጎት መርዝም በመጋገር በከፊል ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ መከላከያው ከምጣድ በፊት መሆን አለበት።

ረ. የመሐንዲሱ ድርሻ

ለመነሻ የሚሆን ልማድ በእያንዳንዱ ቤት አለ። እንክርዳድ እንደሚያዞርና እንደሚያሰክር የማታውቅ የወሎ ባለቤት የለችም። ስንዴና ጤፍ በሰፌድ ታበጥራለች፤ በእጇ ትለቅማለች። የጎደለው ነገር ያ ጥቁር ቀንድ ከእንክርዳድ የባሰ መሆኑን ማወቅና፣ በእጅ መልቀም የማይበቃበት ዓመት ሲመጣ የሚረዳ መሣሪያ ነው። ከዚህ በታች ያሉት አምስት ነጥቦች በሙያው ክልል የሚገኙ ናቸው።

አንደኛ፤ መለየት። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በእህል ውስጥ የሚፈቀደው የኤርጎት ቀንድ በአብዛኛው በ1 ኪሎ ግራም 0.2 ግራም ነው፤ በኩንታል ሲሰላ 20 ግራም ብቻ ይሆናል። ይህን ያህል ጥራት በሰፌድ ብቻ ማግኘት አይቻልም። በሕንድ አገር በማሽላ ዘመዶች ላይ ለሚታየው ኤርጎት የሚሠራበት ዘዴ ግን ቀላል ነው። ከ20 እስከ 30 በመቶ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ እህሉ ሲፈስስ ቀንዱ ከእህሉ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ተጠልሎ ይጣላል፤ እህሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው በርሜል፣ ጨውና ማድረቂያ ሸራ ነው። በየወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚቆም፣ ጨውን ደጋግሞ ለመጠቀም የሚያስችል ትንሽ ገንዳ መንደፍ ለአንድ የምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሊሆን የሚችል ነው።

ሁለተኛ፤ ማረስ። ጥልቅ ሆኖ የተቀበረ ቀንድ ማቆጥቆጥ አይችልም፤ ከአንድ ዓመት በላይም ብዙ ጊዜ አይኖርም። በበሬ የሚሳበው የሀገሩ ማረሻ ግን አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ስለዚህ በወሎ በሬ አቅም የሚሳብ፣ አፈር የሚገለብጥ ቀላል ማረሻ ማዘጋጀት የእርሻ መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የጤና ጥያቄም ነው። ፈንገሱ ባቄላንና ምስርን ስለማይነካ አንድ ዓመት ገብስ፣ አንድ ዓመት ጥራጥሬ መዝራትም ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መከላከያ ነው።

ሦስተኛ፤ ማድረቅ። እህል ወደ ጎተራ ሲገባ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ሻጋታ አያድግበትም። የእርጥበት መለኪያ በሌለበት ቦታ፣ በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ይበቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። ይህን ዘዴ ለአንድ ቀበሌ ለማስተማር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

አራተኛ፤ ማከማቸት። መሬት ላይ የተቀመጠ ጎተራ ከሥር እርጥበት ይስባል፤ ዝናብ በጣሪያው ሲገባ ደግሞ ከላይ ይበሰብሳል። ጎተራውን በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ክዳኑን ማሻሻልና፣ አየር የማያስገባ ከረጢት በሚገኝበት ቦታ መጠቀም የተፈተኑ መንገዶች ናቸው። በጎተራው ግርጌ የሚቀረው እህል ከሁሉ ይልቅ ለሻጋታ የተጋለጠ ነው። ያ ግርጌ የሚበላው ደግሞ በክረምት፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ቀድማ ለሌላው አቅርባ መጨረሻ ላይ በምትበላው እናት ነው። በዚህ ምክንያት ጎተራን ግርጌ እንዳይቀርበት አድርጎ መንደፍ ትንሽ ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

አምስተኛ፤ ማስጠንቀቅ። የዋድላ ደላንታ አደጋ በድንገት የመጣ ይመስላል እንጂ ምልክቱ አስቀድሞ በማሳው ላይ ነበር። ስናር ገብስን ሲያሸንፍ፣ ውርጭ አበባ ሲመታ፣ በአበባ ጊዜ ዝናብና ብርድ ሲረዝም፣ በዛላው ላይ ጥቁር ቀንድ ሲታይ፣ አደጋው ከወራት በፊት ተናግሯል። የግብርና ሠራተኛው ይህን አይቶ ለጤና ሠራተኛው፣ የጤና ሠራተኛውም ለነፍሰ ጡሮች የሚያደርስበት መንገድ ከተዘረጋ፣ ንጹሕ እህል ከሌላ አካባቢ በጊዜ ሊደርስ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የከበደ ነው። የተራበ ሰው የተበከለ ነው የተባለውን እህል የሚጥለው በምትኩ የሚበላው ሲኖረው ብቻ ነው። ምትክ ሳይቀርብ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ እናቲቱን በረሃብና በመርዝ መካከል እንድትመርጥ ማስገደድ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የአውሮፓ ሕዝብ ይህን በሽታ የቅዱስ እንጦንስ እሳት ብሎ ለመቶዎች ዓመታት ተሠቃይቶበታል። ከዚያ የወጣው ከሕክምናው ይልቅ በተሻለ እርሻ፣ እህልን በማጣራትና የምግብ ዓይነቱን በማብዛት ነው። በኢትዮጵያም መንገዱ ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ለገጠር የሚነደፍ ማናቸውም ጎተራ፣ መጋዘን፣ የወፍጮ ቤት ወይም የእህል ማድረቂያ ከኩንታልና ከዋጋ ስሌት ጋር አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይመለስበት፤ ከዚህ የሚወጣውን እህል ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሥጋት ልትበላው ትችላለችን? ከላላና መካነ ሰላም ባሉበት ደጋ፣ የገብሱ አጨዳ ሲቃረብ፣ ከጤና ጣቢያና ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር በመተባበር የጨው ገንዳውን ሙከራ በጥቂት ወፍጮ ቤቶች መጀመር ይቻላል። ውጤቱም በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ መጽሔት ላይ ሊቀርብ ይገባዋል።